«የሕዝብ ዜማ» የተባለው ሰበብ

በካልጋሪ ልጆቻችን ቪዲዮ ጌም ሲጫወቱ ያየ ሽማግሌ ሁሉ «ሥር የሌለው ትውልድ» ብሎ ማማረር ይቀናዋል። እኔ ግን ሥሩን የቆረጠው ማን እንደሆነ መጠየቅ እወዳለሁ።

ኒንቴንዶ የተባለው የጃፓን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2006 የሙዚቃን ምት ጠብቆ ቁልፍ በመጫን የሚከናወን አንድ ጨዋታ አወጣ። ያ የመጀመሪያው ክፍል ከጃፓን ውጪ ለገበያ አልቀረበም። በሰሜን አሜሪካ «ሪትም ሄቨን» የተባሉት ተከታዮቹ ግን ቀዳሚያቸውን አልካዱም። የሚወረወርለትን ዕቃ በምቱ ልክ በቡጢ የሚመታው የካራቴ ስፖርተኛ በየክፍሉ ይመለሳል። የ2011ዱ ክፍል ከመጀመሪያው አራት ጨዋታዎችን መልሶ አቀረበ፤ የ2015ቱ ደግሞ ከመቶ ከሚበልጡት ጨዋታዎቹ አብዛኞቹን ከቀደሙት ሰበሰበ። የካልጋሪ ልጅ በአገሩ ያልተሸጠውን የመጀመሪያውን ክፍል ያወቀው በዚህ መንገድ ነው።

ይህ ሥርዓት ለእኛ እንግዳ አልነበረም። በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንደሠሯቸው የሚነገርላቸው፣ ከድጓው ቃላት በላይ የሚጻፉት ጥቃቅን ፊደላት ምንድን ናቸው? ብዙዎቹ ያ ዜማ ቀድሞ ከተዜመበት ቃል የተወሰዱ ናቸው። እያንዳንዱ ምልክት «ይህ ዜማ ከዚያ መጣ» የሚል ምስክር ነው። መሪጌታውም ቤተ ልሔም ይሁን ቆማ ወይም አጫብር፣ የተማረበትን የዜማ ቤት ሳይጠራ አያልፍም።

አሁን በስደት የምናወጣውን ሥራ እንመልከት። ትናንት በሲዲው ሽፋን፣ ዛሬ በዩቲዩብ ገጽ፣ ደራሲው በውል የታወቀ ዘፈን እንደገና ተዘፍኖ «ግጥምና ዜማ፦ የሕዝብ» ይባላል። ሕዝብ መቼ ቁጭ ብሎ ጻፈው?

«ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ የማንም አይደሉም» ይሉናል። እውነት ነው፤ ቅኝት የጋራ ሀብት ነው። ፊደልም የጋራ ሀብት ነው፤ በፊደል የተጻፈው መጽሐፍ ግን ባለቤት አለው። «ስደተኛ ከየት አምጥቶ ይክፈል?» የሚሉም አሉ። የክፍያው ጉዳይ ሌላ ክርክር ነው፤ ስም መጻፍ ግን ሳንቲም አያስወጣም። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 እንኳ ለደራሲው የሰጠው የገንዘብ መብት ብቻ አይደለም፤ ሥራው በስሙ እንዲታወቅለት የመጠየቅ መብትም ሰጥቶታል።

አገር ቤት የተዘነጋን ስም ጎረቤት ያስታውሰዋል። እዚህ ተወልዶ ያደገ ልጅ ግን የጥንቱን ዘፈን የሚያገኘው በአዲሱ ዘፋኝ ድምፅ ብቻ ነው። እዚያ ላይ የተፋቀ ስም ለእርሱ ለዘለዓለም ተፋቀ። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1975 ያሳተማቸውን ሸክላዎች ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ከ1997 ጀምሮ «ኢትዮፒክስ» በተባለው ተከታታይ መልሶ ሲያወጣ የባለሙያዎቹን ስም እየጠራ ነው። ባዕድ የጠራውን ስም የገዛ ልጅ ሲውጠው ከማፈር በቀር ምን ይባላል?

ስለዚህ ዘፋኞቻችን ከስማችሁ በላይ የደራሲውን ስም ጻፉ። አድማጭም ስም የሌለበትን ሥራ ለመግዛት እምቢ በል። የአባት ዕዳ ለልጅ ነው ይባላል፤ ይህ ዕዳ አንዲት መስመር ጽሕፈት ናት።