ከፍርድ የቀደመ ፍርድ

ጥር 28 ቀን 2005 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን «ጂሃዳዊ ሀረካት» የተሰኘ ፊልም አሳየ። በአዲስ አበባም፣ ያኔ የደቡብ ኦሞ ዞን መዲና በነበረችው በጂንካም የታየው ምስል አንድ ነው፤ በሐምሌ 2004 ዓ.ም. የተያዙት የሙስሊሞች የመፍትሔ አፈላላጊ ኮሚቴ አባላት፣ በእስር እንዳሉ ካሜራ ፊት ሲናገሩ። መጅሊሱ በነጻ ይመረጥ ያሉ ሰዎች ነበሩ። ክርክራቸው ገና በችሎት ነበረ፤ የፊልሙ ርእስ ግን ፈርዶ ጨርሷል።

አንባቢ ሆይ፤ አባቶቻችን በዛፍ ጥላ ሥር ሲሟገቱ «ተጠየቅ» የተባለ ሰው በራሱ አንደበት፣ በአደባባይ ይመልስ ነበር። የሙግታችን ውበትም ከዚህ የመነጨ ነው። እስረኛው ካሜራ ፊት ሲቀርብ ግን ቃሉን የሚመርጥለትም የሚቆርጥለትም ሌላ ነው።

ሽብርን መከላከል የመንግሥት ግዴታ መሆኑ አያከራክርም። ጥያቄው ጥፋተኛ ማነው የሚለውን ማን ይወስን ነው። ፍርድ ቤቱ ውሳኔውን የሰጠው በ2007 ዓ.ም. ነው፤ ቅጣቱም ከ7 እስከ 22 ዓመት እስራት። ሃያ ሁለት ዓመት የተፈረደባቸው ሰብሳቢው አቡበከር አሕመድ በ2010 ዓ.ም. ተፈቱ። የጸረ ሽብርተኝነት አዋጅ ቁጥር 652/2001ም በአዋጅ ቁጥር 1176/2012 ተተካ። ፊልሙን ያየ የጂንካ ሰው በሙስሊም ጎረቤቱ ላይ ያደረበትን ጥርጣሬ የሚሽር አዋጅ ግን ከየት ይመጣል?

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ተከሳሽ በፍርድ ሂደት ላይ ሳለ እንደ ንጹሕ የመቆጠር መብት አለው ይላል። ይህ ቃል ዳኛውን ብቻ ሳይሆን ካሜራ የያዘውንም፣ ዜናውን የሚያነበውንም ሊያስር ይገባል።