ቅመም ሻይ ለእኛም ይፈላ

ቤይሩት ክረምቱ የሚገባው አገር ቤት ፀሐይ በሚወጣበት ጊዜ ነው። ታኅሣሥና ጥር ላይ ዝናቡ ይወርዳል፣ ወለሉ እግር ያደነዝዛል፣ ተራራ ላይ ያላችሁት ደግሞ ከደጅ በረዶ ትጠርጋላችሁ። በዚህ ወቅት ማዳም «ጉንፋን ያዘኝ» ስትል ዝንጅብሉን የሚልጠው ማን ነው? ለልጆቹ ያንሱን፣ ለአያትየው ቀረፋ፣ ለእንግዳው ሻይ የምናፈላው እኛ ነን። ስንቶቻችን ግን ቁጭ ብለን ሙቅ ነገር እንጠጣለን? ጀበና ግርጌ የተረፈውን ቆሞ መጨለጥ እኮ መጠጣት አይባልም።

እኔ የምለው፣ ለራሳችንም እናፍላ፤ ተደብቀን ሳይሆን በግልጽ።

አንዳንድ እህቶች «የሰው ዕቃ ነካች ይሉኛል» ይላሉ። እውነታቸውን ነው። እኔ ራሴ በሠራሁበት አንድ ቤት ስኳር በማንኪያ ይቆጠር ነበር። ግን እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው የሊባኖስ መደበኛ የሥራ ውል አሠሪው በቂ ምግብ፣ ልብስና ማረፊያ እንዲያቀርብ ያስገድዳል። አንድ ብርጭቆ ሻይ ከምግብ አይቆጠርም የሚል ካለ እሱ ያስረዳ። ጭቅጭቅ ግን አያስፈልግም፤ ማዳም ደስ ያላት ቀን አንዴ «ፊኒ አዕመል ሻይ?» ማለት ይበቃል። እምቢ ካለች፣ መውጣት የምትችል የራሷን ትግዛ። ለዚህ ዐረብኛም አይቸግርም፦ ዝንጅብል «ዘንጀቢል»፣ ቅርንፉድ «ቁሩንፉል»፣ ሄል «ሐል»፣ ቀረፋ «ቂርፋ» ነው፤ ቤይሩቶች ቃፏን ውጠው «ኢርፌ» ይሏታል እንጂ። ኮረሪማ የናፈቃት ዶራ ያሉትን የሐበሻ ሱቆች ትጠይቅ።

ለ4 ብርጭቆ ውሃ አንድ እንጨት ቀረፋ፣ 5 ፍሬ ቅርንፉድ፣ 4 የተሰነጠቀ ሄልና አውራ ጣት የሚያህል የተወቀጠ ዝንጅብል ይበቃል። ቅመሙ ውሃው ቀዝቃዛ እያለ ይግባ፤ ሲፈላ እሳቱን ቀንሳችሁ 10 ደቂቃ ያህል ተዉት። ሻይ ቅጠሏ መጨረሻ ላይ ናት፣ ቀድማ ከገባች ትመራለች። ቅርንፉድ አታብዙ፣ ምላስ ያደነዝዛል። ፔርሙዝ ያላት ሞልታ መኝታዋ አጠገብ ታስቀምጥ፤ ሌሊት በረንዳ ላይ ወይም ኩሽና ውስጥ የሚተኙ እህቶች ምን እንደምል ያውቃሉ።

በሁለት ነገር ግን ከብዙዎቻችሁ ጋር አልስማማም። አንደኛው ከሰል ነው። ሻዩ ወይም ቡናው ከፈላ በኋላ «ክፍሉን ያሙቅልን» ብሎ በር ዘግቶ ከሰል ማስቀመጥ ይገድላል። ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ አይታይም፣ አይሸትም። ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ ይጀምርና እንቅልፍ መስሎ ይወስዳል። የቀነሰ ፍም ነው፣ ጭስ የለውም አትበሉ፤ ጭስ የሌለውም ይገድላል።

ሁለተኛው ሻይን መድኃኒት ማድረግ ነው። ጉሮሮ ያለሰልሳል፣ ያሞቃል፣ በቃ። ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል፣ በተለይ ማታ የሚያልብና የሚያከሳ ከሆነ፣ የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ይፈልጋል። አንዳንድ አሠሪ ሐኪም ቤት ላለመውሰድ «ዝንጅብል ጠጪ» ይላል፤ እኛው ለራሳችን ያንኑ ስንል ግን ሥራውን እናቀልለታለን።

ለማኅበራችን የማቀርበው ሐሳብ ይኼ ነው፦ ከእሑዱ መዋጮ ትንሽ ተቀንሶ ቅመም በጅምላ ይገዛ፣ ለአንድ ወር በሚበቃ ትንንሽ ከረጢት ይከፋፈል። ቅድሚያው በር ለሚቆለፍባቸው ይሁን። እንዴት ይደርሳቸዋል ላላችሁ፣ ይህ ከተማ ከበረንዳ ቅርጫት በገመድ አውርዶ ዳቦ የሚገዛ ከተማ ነው፤ በሚቀጥለው ፎቅ የምትሠራዋን እህት ማነጋገር ነው። መወቀጫ እኔ አመጣለሁ። ክዳን ያለው ባዶ ጠርሙስ ያላችሁ አጥባችሁ እሑድ ይዛችሁ ኑ።