ድመቱ ለሞተችበት ልጅ «ሌላ እናመጣልሃለን» ከማለታችን በፊት



በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ሕፃናትን የምናቀራ ሰዎች ደጋግመን የምናየው ነገር አለ። ልጁ ዓይኑ ቀልቶ ይመጣል፤ ትናንት የሐፈዘው ይጠፋበታል። «ምን ሆነህ ነው?» ሲባል ድመቱ ሞታበታለች። ጓደኞቹ ይስቁበታል። ቤት ውስጥም «ሰው እየሞተ ለድመት ይለቀሳል እንዴ?» ይባላል። ደግ የሆነው ወላጅ ደግሞ «ዝም በል፣ ነገ ሌላ እናመጣልሃለን» ይለዋል።

ሁለቱም መልሶች ልጁን ይጎዱታል ብለን እናምናለን። የመጀመሪያው በእዝነቱ እንዲያፍር ያደርገዋል። ሁለተኛው ደግሞ አላህ የፈጠራትን ነፍስ እንደተሰበረ ብርጭቆ በማግስቱ የምትተካ ዕቃ ያደርጋታል።

የአላህ መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ) ምን እንዳደረጉ እናስታውስ። የአነስ ኢብኑ ማሊክ (ረ.ዐ) ታናሽ ወንድም አቡ ዑመይር የሚጫወትባት ትንሽ ወፍ ነበረችው፤ ሞተችበት። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ወደ ቤታቸው ሲመጡ ልጁን አዝኖ አገኙት። ምክንያቱ ሲነገራቸው በኩንያው ጠርተው፣ ለልጅ ጆሮ በሚጥም አነጋገር ስለ ወፊቱ ጠየቁት። የሻፊዒይ መዝሀብ ዓሊም የነበሩትና በ335 ሂጅሪ ያረፉት ኢብኑል ቃስ ከዚህች አጭር ሐዲስ 60 ያህል ቁም ነገሮችን አውጥተው ራሱን የቻለ ኪታብ ጽፈውባታል።

እኛ አንድ ነገር ብቻ እንጨምር። በዘገባው ውስጥ ለልጁ ሌላ ወፍ መጣለት የሚል የለም። የኡማው ጉዳይ ሁሉ በትከሻቸው ላይ የነበረ ነቢይ ቆም ብለው ስለ አንዲት ወፍ ጠየቁት። ልጁ የተሰጠው ይህ ነበር።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፣ መጀመሪያ ጠይቁት። ስሟን፣ የት ትተኛ እንደነበር፣ ምን ትወድ እንደነበር ይንገራችሁ። ያልቅስ። «አሁን የት ሄደች?» ካለም ያልተነገረንን አንፍጠርለት። እንስሳትም እንደኛው ኡመቶች መሆናቸውን፣ አላህም ማንንም እንደማይበድል ቁርአን ነግሮናል፤ ይህ ይበቃዋል። ሬሳዋን በፌስታል ቋጥሮ ወንዝ ዳር ከመጣል ከልጁ ጋር ጉድጓድ ቆፍሩ። ውሻና ጅብ እንዳያወጣት ጥልቅ ይሁን።

ቀጥሎ ሞቷ ምን አመጣው ብላችሁ መርምሩ። በየሰፈራችን ድመት ከሚጨርሱት ነገሮች አንዱ የአይጥ መርዝ ነው። መርዝ የበላች አይጥ ትዝላለች፤ ድመቷ በቀላሉ ትይዛታለች፤ መርዙ ወደ እሷም ይሻገራል። መርዙ ጓዳ ውስጥ እያለ ሌላ ድመት ማምጣት ልጁን ለሁለተኛ ለቅሶ ማዘጋጀት ነው። ለአይጥ ወጥመድ አለ።

ሌላ ማሳደግን በተመለከተ በዲናችን በኩል በሩ ክፍት ነው። አቡ ቀታዳ (ረ.ዐ) የውዱእ ውሃቸውን ዕቃ ለድመት አዘንብለው ያጠጧት፣ ድመት ነጃሳ እንዳልሆነች ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ስለሰሙ ነው። ውሻ ሌላ ሑክም አለው፤ ሱሉልታ ላይ ከብት ለሚጠብቅ ሰው ግን ለጥበቃ መያዝ ተፈቅዷል። ነገር ግን አስሮ ማስራብ ለማንም አልተፈቀደም። ድመት አስራ ሳታበላ፣ ወጥታም እንዳትፈልግ ከልክላ የገደለቻት ሴት መጨረሻዋ እሳት እንደሆነ ሁላችንም ሰምተናል።

እንግዲህ ሐዘኑ ሲበርድና ልጁ ራሱ ሲጠይቅ ፈልጉለት። በማዳበሪያ ታስረው ቆሻሻ ላይ የሚጣሉ ግልገሎች በየከተማችን ሞልተዋል፤ ከእነሱ ጀምሩ። ከጎረቤት የምትወስዱ ከሆነ ግን ቢያንስ 8 ሳምንት ከእናቷ ጋር ትቆይ። ጫጩቶቿ ተወስደውባት የተጨነቀችን ወፍ አይተው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እንዲመልሱላት አዘዋል። የእብድ ውሻ በሽታ ድመትንም ስለሚይዝ ሦስት ወር ሲሞላት የእንስሳት ክሊኒክ ወስዳችሁ አስከትቧት። ተከራይ የሆናችሁ አከራያችሁን አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ በኋላ «አውጧት» ሲባል ልጁ በሕይወት ያለችውን ሊያጣ ነውና። አዲሷን በሟቿ ስም እንዲጠራት አታስገድዱት፤ እሷ ሌላ ነፍስ ናት።

አንዳንድ ወላጆች «ይህን ያህል ካለቀሰ ዳግም እንስሳ አይገባም» ይላሉ። እኛ ደግሞ የምንለው ተቃራኒውን ነው። በማግስቱ ረስቶ ኳስ ሜዳ ከሄደው ይልቅ ውሃ መጠጫዋን አጥቦ ያስቀመጠው ልጅ አማናውን ይጠብቃል። ነገ ታናሽ ወንድሙን፣ ሲያረጁም እናትና አባቱን የሚጠብቅበት ልብ ይኸው ነው።

አላህ የልጆቻችንን ልብ በእዝነት ይሙላልን። አሚን።