የአስከሬኑን መንገድ ማን ይክፈል?

አንባቢ ሆይ! ሞት የቤተሰብ ኀዘን ነው። ሰው በድንገት ሞቶ በተገኘ ጊዜ ግን ነገሩ ከኀዘን አልፎ የመንግሥት ጉዳይ ይሆናል። ዛሬ የማነሣልህም ጥያቄ ከዚሁ የመጣ ነው፤ ሟቹ ለምርመራ ወደ ሐኪም ሲወሰድና ሲመለስ የመኪናው ኪራይ የማን ዕዳ ነው?

የፎገራን ሜዳ ታውቀው ይሆናል። በበጋ ከብት የሚሰማራበት፣ ሩዝ የሚታጨድበት ለጥ ያለ አገር ነው። ክረምት ሲገባ ግን ርብና ጉማራ ይሞላሉ፤ በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደረሰው ጎርፍ ብዙ ሺህ ሰው ከቤቱ አፈናቅሏል። እንግዲህ በዚህ ሜዳ፣ ከወንዙ ዳር፣ አንድ ገበሬ ሞቶ ተገኘ እንበል። ውሃ ወስዶት ነው? ወይስ ደመኛው መትቶ ጥሎት? ይህን ለቀስተኛ ሊፈርደው አይችልም፤ አስከሬኑን የሚመረምር ሐኪም ያስፈልጋል።

ሐኪሙ ግን ሩቅ ነው። ከወረታ እስከ ባሕር ዳር 60 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ለብዙ ዘመን ደግሞ እንዲህ ላለው ምርመራ ከየአገሩ አስከሬን የሚላከው አዲስ አበባ፣ ወደ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ነበር፤ ከወረታ ከ500 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ መንገድ መሆኑ ነው። ጎረቤት በቃሬዛ ተሸክሞ እስከ አስፋልቱ ያደርሳል፤ እድርም ለድንኳኑና ለንፍሮው ይደርሳል። የመኪናው ኪራይ ግን ከድሃ አቅም በላይ ነው።

በቀድሞ ዘመን የአገሩ ሰው በአፈርሳታ ተሰብስቦ ወንጀለኛው እስኪወጣ ድረስ አይበተንም ነበር። ያ ሥርዓት ሰውን ሥራ ያስፈታል እንጂ ሟቹን የትም አያስኬድም። ዛሬ ግን ማስረጃ የሚፈለገው ከሐኪም ነው።

ሕጉ ምን ይላል? በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በቁጥር 23 መርማሪው ፖሊስ የቀረበለት ነገር ቢያጠራጥረው እንኳ ምርመራውን እንዲያደርግ ያዝዛል፤ ነገር ግን ስለ ድንገተኛ ሞት ምርመራ የተለየ ምዕራፍ አላበጀም። በ1898 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የወጣው የህንድ ሕግ በቁጥር 174 አስከሬኑን በቅርብ ወዳለ የመንግሥት ሐኪም የመላኩን ግዴታ ለፖሊስ ሰጥቶ ነበር፤ ያውም የአየሩ ጠባይና የመንገዱ ርቀት አስከሬኑን የማያፈርሱት ሲሆን ነው። በእንግሊዝ ደግሞ ከ1194 ጀምሮ ኮሮነር የሚባል የሞት መርማሪ ሹም አለ፤ በ2009 በወጣው ሕግ የምርመራውን ወጪ የሚችለው የአካባቢው አስተዳደር ነው።

«መንግሥትስ ከየት ያመጣል?» የሚል አይጠፋም። ሰው መግደል በግል አቤቱታ ብቻ የሚያስከስስ ወንጀል አይደለም፤ ቤተሰቡ ቢከስም ባይከስም ከሳሹ ዐቃቤ ሕግ ነው። ታዲያ የክሱ ባለቤት መንግሥት ከሆነ፣ የማስረጃው ወጪ እንዴት በመበለቲቱ ላይ ይወድቃል? ወጪው በእርሷ ላይ የወደቀ እንደ ሆነ የሚከተለው ግልጽ ነው። በሬዋን ሸጣ ትከፍላለች፤ ወይም «እግዜር ያመጣው ነው» ብላ በጸጥታ ትቀብራለች። በጸጥታ በተቀበረ ጊዜ ገዳይ ካለ በነዳጅ እጦት ዳነ ማለት ነው። ገዳይ ባይኖርም ንጹሕ ጎረቤት በሐሜት እንደ ተጠረጠረ ይኖራል፤ ሐኪም ያልመለሰውን ጥያቄ የሟቹ ወንድም በጠመንጃ ሊመልሰው ይነሣል። ከአንድ መኪና ኪራይ ይልቅ የሁለት ቤት ደም መቃባት ለመንግሥትም ይከብዳል።

አንተ ዛሬ ተማሪ፣ ነገ በአንድ የወረዳ ጽሕፈት ቤት የበጀት መዝገብ ያዥ ትሆናለህ፤ ምናልባትም አሁኑኑ ይዘኸው ይሆናል። የነዳጅና የውሎ አበል ሂሳብ ሲታቀድ ስለዚህ ነገር አሳስብ፤ ፖሊስ ለምርመራ የሚልከው አስከሬን ማመላለሻ ተብሎ አንድ መሥመር ይጻፍ። በመሄጃው ብቻ አይቁም፤ መመለሻውም ይታሰብ። ሟቹን ከቤቱ ያስወጣው መንግሥት ነውና፣ ወደ ደብሩ መልሶ ለቀባሪው ማስረከብም የመንግሥት ግዴታ ሊሆን ይገባል።