ስለ አሮጌ ኮምፒዩተሮች የቤት ጥቅም

ማንም አስተዋይ ነጋዴ በመጋዘኑ ያለ ዕቃ ሳይቈጠርና ዋጋው ሳይታወቅ እንዲጣል አይፈቅድም። ያው ነጋዴ ግን በመኖሪያ ቤቱ ከቁም ሣጥን በላይ ያኖረውን አሮጌ ኮምፒዩተር፤ ይሠራ ወይም አይሠራ እንደ ሆነ እንኳ ሳያስመረምር፤ ለቆራሌው በጥቂት ብር ሲሰጥ ይታያል። ዕቃው በውጭ ምንዛሪ የተገዛ መሆኑንም ይዘነጋል።

በተለይ የማይክሮሶፍት ኩባንያ ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ካቆመ ወዲህ ነገሩ ብሷል። ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደኅንነት መሣሪያ ስለሚጠይቅ፤ ምንም ጕድለት የሌለባቸው ብዙ ኮምፒዩተሮች ከውጭ ቀርተዋል። ይሁን እንጂ ድጋፍ ማጣት መሞት አይደለም። የመንቀራፈፉም ምክንያት ብዙውን ጊዜ የሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክና የሚሞሪው ማነስ ነው፤ ዲስኩ በኤስኤስዲ ቢተካ፤ ሚሞሪውም ወደ 8 ጊጋባይት ከፍ ቢል፤ አሮጌው ዕቃ ባለቤቱን እስኪያስገርም ድረስ ይፈጥናል። እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ የተስፋፋው ሊኑክስም ያለ ክፍያ የሚገኝና በአሮጌ ኮምፒዩተር ላይ የሚሠራ ነው።

ታዲያ ለምን ይዋል? ልጆች ጽሕፈት ይለማመዱበታል፤ ኪዊክስ በተባለው ፕሮግራም ውክፔዲያን ያለ ኢንተርኔት ያነቡበታል። ይህ መልካም ነው። በእኔ አስተያየት ግን ከሁሉ የሚበልጠው ጥቅሙ የቤት መዝገብ መሆኑ ነው።

የብዙ ባለሱቆች የዱቤ ሒሳብ ዛሬም ያለው በአንድ ደብተርና በባለቤቱ ራስ ውስጥ ነው። ባለቤቱ በድንገት ቢታመም ወይም ቢሞት፤ ማን ስንት እንደ ተበደረ፤ ለየትኛው አከፋፋይ ስንት እንደሚከፈል ሚስትና ልጆች አያውቁም፤ ያበደረውም ያልተበደረውም በየፊናው ይነሣል። በሊብሬ ኦፊስ ሰንጠረዥ ላይ በየማታው ሩብ ሰዓት ቢጻፍና በየሳምንቱ ወደ ሁለት ፍላሾች ቢገለበጥ፤ ቤተ ሰቡ ከዚህ ጭንቀት ይድናል። (በሕግ የሚፈለገውን የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያና ደረሰኝ ግን አይተካም።) ለዚህ ሥራ ላፕቶፕ ይመረጣል፤ መብራት ቢጠፋ ባትሪው የተጻፈውን ያድናልና። ያበጠ ባትሪ ካለው ግን ከቶ አይሰካ፤ እሳት ያስነሣል።

አንዳንዶች «ያረጀ ሶፍትዌር ለሌባ በር ይከፍታል» ይላሉ። እውነት ነው። ስለዚህ ድጋፉ የተቋረጠ ኮምፒዩተር የባንክ ሥራ አይሠራበትም፤ ከኢንተርኔትም ጋር አይገናኝ። ለሒሳብ መዝገብ ኢንተርኔት ምን ያደርጋል? ከኢንተርኔት መለየቱ እንዲያውም ምስጢር ጠባቂ ያደርገዋል።

ንግድ ምክር ቤታችን ለአነስተኛ ነጋዴዎች ልጆች በዚህ ጕዳይ የሁለት ቀን ትምህርት ቢያዘጋጅ ወጪው ቀላል ነው፤ አባቶች ቢዘገዩ ልጆች ይቀድማሉና።

እርግጥ፤ ሁሉም ዕቃ አይድንም። ትልቁ ባለሣጥን ስክሪን መብራት ይበላል፤ መስተዋቱም እርሳስ ስላለበት በግቢ ውስጥ ሊሰበር አይገባም። ተመርምሮ ዋጋ ቢስ የሆነው ኮምፒዩተር ሲሸጥም አስቀድሞ ዲስኩ ይነቀል፤ ፋይል ተሰረዘ ማለት ጠፋ ማለት ስላልሆነ የደንበኞች ስምና ዕዳ ከዲስኩ ጋር ወደ ገበያ ይወጣል።