ከኩንታሉ ጎን የሕፃኑ ቁመት ይመዝገብ

የመኸር ምርት በተሰበሰበ ቁጥር የግብርና መሥሪያ ቤቶች ሪፖርት በኩንታል ተጀምሮ በኩንታል ያልቃል። ስንት ሕፃናት ለዕድሜያቸው የሚገባውን ያህል እንዳደጉ ግን አይነገርም። ይህ አሠራር ሊለወጥ ይገባል።

በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳሳየው፣ በኢትዮጵያ ከ5 ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 38 በመቶው ቀንጭረዋል፤ ማለትም ቁመታቸው ለዕድሜያቸው ከሚገባው አጥሯል። ጤፍና በቆሎ በብዛት የሚመረትበትን ጎጃምን በያዘው የአማራ ክልል ደግሞ አሃዙ 46 በመቶ ደርሶ ነበር፤ ከክልሎች ሁሉ የከፋው። ጎተራ መሙላቱ ብቻውን ልጅ አያሳድግም።

ምክንያቱ ጓዳ ውስጥ ነው። 6 ወር የሞላው ሕፃን ብዙ ጊዜ የሚቀርብለት ከእህል ብቻ የተሠራ ቀጭን አጥሚት ነው። እንቁላሉ ተሸጦ ጨውና ሳሙና ይገዛበታል። በጾም ወራት የጾም ምግብ የሚሠራበት ዕቃ ከወተት ጋር እንዳይነካካ ተብሎ ወተቱም ይቀራል፤ ቤተ ክርስቲያን ግን ከ7 ዓመት በታች ያሉትን ጹሙ አትልም። ንጹሕ ውኃ በሌለበት ቤት የበላውንም ተቅማጥ ይወስድበታል። 2 ዓመት ካለፈው በኋላ የቀረበትን ዕድገት መመለስ እጅግ አዳጋች ነው።

ለውጥ አልታየም አንልም። በ1992 ዓ.ም. 58 በመቶ የነበረው መቀንጨር በ2008 ዓ.ም. ወደ 38 መውረዱ ትልቅ ሥራ ነው። በ2011 ዓ.ም. ግን ገና 37 ላይ ነበር። ከዚያ ወዲህ ጦርነትና ድርቅ ተደራረቡ፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የአሜሪካ ዕርዳታ ተቀነሰ። መንግሥት በሰቆጣ ቃል ኪዳን ከ2 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን መቀንጨር ለማስቀረት የቆረጠው ቀን፣ 2022 ዓ.ም.፣ ደጃፍ ላይ ነው። የአፍሪካ መሪዎችም በ2006 ዓ.ም. ማላቦ ላይ መቀንጨርን በ2025 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ወደ 10 በመቶ እናወርዳለን ብለው ነበር። ቀኑ አልፏል።

ስለዚህ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የቁመት መለኪያ ይሰጣቸው፤ ውጤቱም በወረዳው የግብርና ሪፖርት ውስጥ ይግባ። የግብርና ባለሙያዎች ከማዳበሪያና ከምርጥ ዘር እኩል ለዶሮ፣ ለጓሮ አትክልትና ለጥራጥሬ ይትጉ። የሃይማኖት አባቶች የሕፃናትን ነገር በዐውደ ምሕረት ያስተምሩ። የሰቆጣ ቃል ኪዳን በጀትም በለጋሾች ላይ ሳይንጠለጠል በመንግሥት ግምጃ ቤት ይደገፍ። ምርት ጨመረ የሚል አመራር ልጆቹ አድገው እንደሆነም ይጠየቅ።