ጥላሁን ወይስ ማህሙድ? ብዙነሽስ?

ቀበና ውስጥ ለመልስ፣ ለክርስትና ወይም ለምርቃት ድግስ የተሰበሰቡ ጎልማሶች ምሳቸውን በልተው ቡናው ሲቀርብ አንድ ክርክር መነሣቱ አይቀርም። «ከጥላሁንና ከማህሙድ ማን ይበልጣል?» የዚህ ጥያቄ ደግነቱ እንደ ፖለቲካ አለማኮራረፉ ነው። ክፋቱ ደግሞ ይኸው ስንት ዓመት በአንድ ዓይነት መንገድ መካሄዱ!

የጥላሁን ገሠሠ ወገኖች ብዙ ናቸው፤ ክርክሩን የሚከፍቱትም እነሱ ናቸው። ድምፁ ከዚያ ሁሉ የነፋስ መሣሪያ በላይ ወጥቶ እያንዳንዱ ቃል ጥርት ብሎ ይሰማል ይላሉ። እውነታቸውን ነው። ከሀገር ፍቅር ቴአትር ወደ ክቡር ዘበኛ ኦርኬስትራ ተሻገረ፤ ከታኅሣሥ 1953ቱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ በኋላ ታስሮ ተፈታ፤ በአማርኛም በኦሮምኛም ዘፈነ፤ ሚያዝያ 11 ቀን 2001 ዓ.ም.፣ በፋሲካ ዕለት አረፈ። ቀብሩ ከእኛ ሰፈር ብዙም በማይርቀው ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ሲፈጸም የወጣውን ሕዝብ ያየ ሰው «ማን ይበልጣል?» ብሎ መጠየቅ ራሱ ድፍረት ይመስለዋል።

የማህሙድ አህመድ ወገኖች ግን እጅ አይሰጡም። የመርካቶ ልጅ ነው። የክቡር ዘበኛ ሙዚቀኞች በሚያዘወትሩት አሪዞና ክለብ ተቀጥሮ ሲሠራ፣ አንድ ምሽት ዘፋኙ ሲቀር ልሞክር ብሎ መድረክ ላይ ወጣ፤ ከዚያ ወዲያ አልወረደም። ድምፁን እያርገበገበ አንዷን ቃል ሲያስረዝማት ሰው ሆዱ ይባባል። «ኧረ መላ መላ» በ1970ዎቹ መገባደጃ አውሮፓ ውስጥ ታትሞ ሲወጣ ደግሞ አማርኛ የማይሰማ ሰው ሁሉ አዳመጠው። «ቋንቋውን የማያውቅን ሰው የሚያስጨንቅ ዘፋኝ ምን ይባላል?» ይላሉ ወገኖቹ።

በቁጥር አነስ፣ በድምፅ ከፍ የሚሉት የዓለማየሁ እሸቴ ወገኖች ናቸው። የፖሊስ ኦርኬስትራው ዓለማየሁ ጩኸቱም፣ የፀጉር አያያዙም፣ እንቅስቃሴውም የወጣት ነበር። በዚያን ጊዜ ሸክላ የማሳተም መብት በአዋጅ ለመንግሥት ተቋም የተሰጠ ነበር። በ1960ዎቹ መጀመሪያ አምሃ እሸቴ የሚባል ወጣት አዋጁን ተዳፍሮ የራሱን ማሳተሚያ ሲከፍት፣ የመጀመሪያው ሸክላ የዓለማየሁ ሆነ። ይህን ታሪክ ያወቀ ሰው «ዓለማየሁ ሦስተኛ ነው» ሲባል ቢቆጣ አይፈረድበትም።

እኔ ክርክሩን እወደዋለሁ፤ የማልወደው ሚዛኑን ነው። አንደኛው የተበላሸ ሚዛን የውጭ ስም ነው። ዓለማየሁን «የኢትዮጵያው ኤልቪስ»፣ አንዳንዴም «ጄምስ ብራውን» እንለዋለን። የአሜሪካ ሙዚቃ ተጽዕኖ እንደነበረ አይካድም፤ አሥመራ የነበረው የቃኘው ጣቢያ ሬዲዮም፣ ሸክላውም፣ ፊልሙም አምጥቶታል። ዘፋኞቻችን ግን የመጣውን ተቀብለው በትዝታ፣ በባቲ፣ በአምባሰልና በአንቺሆዬ ላይ ነው የገነቡት። ቅኝቱን ሳይሰሙ ቅጽሉን መያዝ፣ ልጅን በጎረቤት ስም እንደ መጥራት ነው።

ሁለተኛው ደግሞ የአንዱን ምርጥ ዘፈን ከሌላው ምርጥ ዘፈን ጋር ማስተያየት ነው። ግጥሙ ሌላ፣ ዜማው ሌላ፣ ባንዱ ሌላ ሲሆን ማን ማንን እንደበለጠ በምን ይታወቃል? ፍትሐዊው ፈተና ትዝታ ነው። የማህሙድን ትዝታ ስሙ። ቀጥሎ ጌታቸው ካሳ አንዴ በዝግታ፣ አንዴ በፍጥነት የተጫወታቸውን ሁለቱን ስሙ። ከዚያ የበዛወርቅ አስፋውን አድርጉ። ቅኝቱ አንድ ስለሆነ፣ የምትሰሙት ልዩነት የዘፋኙ የራሱ ነው፤ የት እንደሚተነፍስ፣ የቱን ቃል እንደሚጫን፣ የቱን ለቆ እንደሚያልፍ ይሰማችኋል።

ሰሞኑን ሰፈራችን በነበረ የምርቃት ድግስ ላይ ይህንኑ ሳስረዳ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ አቋረጠችኝ። «ቆይ፣ ያኔ ሴት ዘፋኝ አልነበረም እንዴ?» አለች። አባቷ ስለ ጥላሁን፣ አጎቷ ስለ ማህሙድ አንድ ሰዓት ሙሉ ሲሟገቱ አንድም የሴት ስም አልሰማችም። ከማናችንም በፊት የመለሱላት ከረከቦቱ ጎን የተቀመጡት አያቷ ናቸው። «ብዙነሽ በቀለ የሚሏት ነበረች እንጂ! ሬዲዮ ላይ ስትመጣ ምጣዴን ትቼ እቆም ነበር። ስንት እንጀራ አርሮብኛል መሰለሽ!» ልጃቸው ተገርሞ «እማዬ፣ ይህን ነግረሽን አታውቂም» ቢላቸው፣ «ማን ጠይቆኝ!» አሉት።

ብዙነሽ ከጥላሁንና ከማህሙድ ጋር በዚያው በክቡር ዘበኛ ኦርኬስትራ የዘፈነች ናት። «የኢትዮጵያ አሬታ ፍራንክሊን» የሚሏት አሉ፤ እሷም የውጭ ስም አልቀረላትም። ጥልቅና ሰፊ ድምፅ ነበራት፤ ሐዘኑን ሳታለቃቅስ ታደርሰዋለች። ታዲያ ስሟ ከክርክሩ የቀረው በችሎታ ማነስ አይደለም። ያኔ ዘፋኝነት ለወንዱም ቢሆን በየቤቱ የሚያስነቅፍ ሥራ ነበር። ወንዱን ዝናው አስታረቀው፤ ለሴቷ ግን ይቅርታው ዘገየ። በኋላም «የእኔ ይበልጣል» እያልን ስንከራከር የኖርነው አባቶችና አጎቶች ስለነበርን፣ የቆጠርነው የራሳችንን ጀግኖች ብቻ ነው። የሰሙትን ሴቶች አልጠየቅንም።

ጊዜውም አይጠብቅም። አምሃና ዓለማየሁ በአንድ ዓመት፣ በ2013፣ አርፈዋል። ዘፈኖቹ በየስልኩ አሉ። ስልኩ ውስጥ የሌለው ምጣድ ትቶ መቆሙ ነው፤ እሱ ያለው በእናቶቻችን ዘንድ ብቻ ነው።

እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ለቃል ጥላሁን፣ ለትዝታ ማህሙድ፣ ለጭፈራ ዓለማየሁ፣ ብቻዬን ለምሰማው ብዙነሽ። ካልተስማማችሁ ደግ ነው። የፊታችን እሑድ ቡናው ሲፈላ ሁለት ሦስት ትዝታ አሰሙ፣ የብዙነሽን አንድ ዘፈን ጨምሩ፣ ልጆቹም ይቀመጡ። ፍርዱን ግን አስቀድሞ የሚሰጠው ከጮኸው ሰው ይልቅ በቤቱ ያሉት ትልቋ ሴት ይሁኑ። ሌሎቻችን ከዚያ በኋላ እንከራከራለን።